ቁጠር

እኔ የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የማሽን እረኛ፣
አንድ ነገር አውቃለሁ፦ ብረት ሲንቀጠቀጥ፣
ድሩ ሲተበተብ፣ መወርወሪያው ሲያመልጥ፣
ቀይ ቁልፍ አለችው በጎኑ በኩል፣ ከጉልበት ከፍ ብላ፤
ትጫናታለህ፣ ይቆማል። በቃ። መላ የለም ሌላ።

ልጄ ግን ቁልፍ የለውም።

ሰኔ ነበር። ጉሙ ከሐረጎ ቁልቁል የወረደበት ማታ፣
ነጂብ ዓመት ከሰባት ወሩ፣ ጨዋታ አያውቅ ፋታ፤
ያን ዕለት ግን ዓይኑ ፈዞ፣ አፍንጫው ፈስሶ፣
ዳቦውን ሳይነክስ ተኛ የእናቱን ጭን ተንተርሶ።
ጦይባ አንገቱን ዳበሰችና «ይፋጃል» አለች፣
ሽሮፕ ሰጠችው፤ ግማሹን ተፋው፤ ጠረገች።
እኔ የሌሊት ፈረቃ ነበርኩ፣ ጫማዬን አስሬ፣
አንዱን እግር ጨርሼ፣ ሁለተኛውን ጀምሬ፣

ያኔ ደረቀ።
እንደ እንጨት። ልክ እንደ ተወጠረ ድር።
ዓይኑ ሽቅብ ሸሸ፣ ነጩ ብቻ ቀረ፤
ከንፈሩ ጠቆረ፣ ጥርሱ ገጠመ፣
ከዚያ መላ አካሉ በአንድ ምት መታ፣ መታ፣ መታ።
የማውቀው ምት ነው። ሌሊት ሌሊት የምሰማው፤
ግን አሥር ኪሎ በማይሞላ ገላ፣
በአንዲት ነጭ ካናቴራ ውስጥ።

እጄ፣ ወላሂ፣ ጎኑን ዳበሰ፣
ቀይዋን ቁልፍ ፍለጋ።

ግቢው ተነሣ። እትዬ አስካለ ክብሪት ጫረች፣
«ጭሱን አሽትቱት!» እያለች።
«ማንኪያ አምጡ፣ ምላሱን ሊውጥ ነው!» አለ አንዱ፤
«ከቦርከና ዳር ነው የለከፈው፣ ቀትር ላይ ነበር መንገዱ።»
ሼህ ይመር በሩ ላይ ቆመው ይቀራሉ፣
አራጋው ባጃጁን አስነስቶ ጥሩምባ ይነፋል፤
ጦይባ ብቻ ዝም።

ከደጃፉ ሳንወጣ ለቀቀው።
ማንም ሳይነካው፣ እንደ ጀመረው ቆመ።
ዝልፍልፍ አለና እንቅልፍ ወሰደው፤
እኔ ግን እንቅልፍ ብዬ አልጠራሁትም፣
በልቤ ሌላ ስም ሰጠሁት።

ሲስተር ዘርፌ በጤና ጣቢያው ጠባብ ክፍል
ጆሮውን አየች፣ አንገቱን አጠፈች፣ ዘረጋች።
«ስንት ደቂቃ ቆየ?»
«አንድ ሰዓት» አልኩ።
«ሦስት ደቂቃ» አለ አራጋው ከበሩ፣ «ስልኬን አይቻለሁ።»
አልሳቀችብኝም።

«ትኩሳት ነው» አለች። «ለጋ አንጎል ሙቀት ሲወጣበት ይደነብራል።
ያስፈራል፤ እኔንም በልጄ አስፈርቶኛል።
ይኼ ግን የሚጥል በሽታ አይደለም፣ ልጁም አልተነካ፤
ከሦስት ልጅ ለአንዱ ይመለሳል፣ እንዳትደናገጥ ለካ።
አምስት ስድስት ዓመቱን ሲይዝ ራሱ ይተወዋል።»
«ሲመለስስ ምን ላድርግ?»
«በጎኑ አስተኛው። ክብሪት የለም፣ ማንኪያ የለም፤
አትያዘው፣ አትጫነው። ሰዓትህን አይተህ ቁጠር።
አምስት ደቂቃ ካለፈ አምጣው።»
«መቁጠርም ሥራ ሆነ?»
«አንተ ሞክረውና ትነግረኛለህ።»

በጥር ተመለሰ። ጎረቤት አልጠራንም።
ጦይባ በጎኑ አዞረችው፣ ትራሱን አራቀች፣
እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣
እጆቼን ብብቴ ውስጥ ቀብሬ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት
እስከ መቶ አርባ።
ከባድ ነው፣ ሲስተር። ነገርኩሽ።

ዘንድሮ አምስት ዓመቱን ይደፍናል።
ከዚያ ወዲህ አልመጣም፤ ቢሆንም ሲያስነጥስ
ሰዓቱን ከግድግዳ አውርጄ ትራሴ ሥር እከታለሁ።
ትናንት ከትምህርት ቤት ሲመጣ፣ ደረጃ እየወጣ፣
በጩኸት ይቆጥራል፦ አምስት፣ ስድስት፣ ስምንት፣
ሰባትን ሁልጊዜ ይዘላታል።
ጦይባ ልታርመው አፏን ከፈተች፤
«ተይው» አልኳት፣
«አባቱ ቆጥሯታል።»